ፓይተን በ16 ኪሎባይት

እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ካምብሪጅ ውስጥ ይሠራ የነበረው አውስትራሊያዊ የፊዚክስ ተመራማሪ ዴሚየን ጆርጅ ኪክስታርተር በተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሐሳብ ይዞ ወጣ፦ የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን የጣት ጥፍር በምታክል ቺፕ ላይ ማስኬድ። የጠየቀው 15 ሺህ ፓውንድ ነበር፤ የተዋጣለት ወደ 98 ሺህ ደረሰ። ማይክሮፓይተን የተባለው የዚህ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ሰሌዳ የሆነው ፓይቦርድ 192 ኪሎባይት ራም ይዞ መጣ። ላፕቶፕ ላይ ያለው ፓይተን ግን ገና ሲነሳ፣ ምንም ሳይሠራ፣ ሜጋባይቶችን ይወስዳል።

ስለዚህ ጆርጅ ትልቁን ፓይተን ለመቆራረጥ አልሞከረም፤ ከባዶ ጻፈው።

ለምን እንደሆነ ከአንድ ተራ ቁጥር መረዳት ይቻላል። በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይ በትልቁ ፓይተን 1 ቁጥር ብቻዋን 28 ባይት ትይዛለች። በማይክሮፓይተን ግን የተለየ ቦታ አትፈልግም። በ32 ቢት ቺፕ ላይ የዕቃዎች አድራሻ በአራት ስለሚካፈል የመጨረሻው ቢት ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ያ ቢት 1 ሆኖ ከተገኘ፣ ቀሪዎቹ 31 ቢቶች አድራሻ መሆናቸው ቀርቶ ራሱ ቁጥሩ ናቸው፤ ደብዳቤው ፖስታው ላይ እንደ ተጻፈ ማለት ነው።

ነጥብ ያለው ቁጥር በአብዛኞቹ ቺፖች ላይ ይህ ዕድል የለውም። እያንዳንዱ ውጤት ከራም 16 ባይት ይቆረጥለታል። ጣጣው የሚመጣው በኢንተረፕት ጊዜ ነው፤ ቺፑ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ወደ አስቸኳዩ ሲዞር፣ ራም ማከፋፈሉ መሀል ላይ ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ቦታ መጠየቅ ክልክል ነው። ጀማሪው እዚያ ውስጥ በ0.5 ያባዛና ያ የኢንተረፕት ኮድ የሜሞሪ ስሕተት አሳይቶት ይቆማል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ነው ልክ ያልሆነው።

ቋንቋውን ወደ አዲስ ፕሮሰሰር ማሻገር ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፊደል የሚልክ፣ ፊደል የሚቀበልና ሚሊሰከንድ የሚቆጥር ኮድ ከተጻፈ ሰሌዳው መልስ መስጠት ይጀምራል። ባለሙያውን የሚያደክመው ሌላው ነው፤ የማያስፈልገውን ራም የሚያጸዳው ክፍል የፕሮሰሰሩን ሬጅስተሮች (በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ጊዜያዊ ማከማቻዎች) ጭምር መፈተሽ አለበት። አንዷ ከተረሳች፣ በእሷ ብቻ የተያዘ ዕቃ እንደ ቆሻሻ ተጠርጎ ይሄዳል። ስሕተቱም እዚያው አይታይም፤ ቆይቶ፣ ፈጽሞ በማይገናኝ መስመር ላይ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ችግር አድኖ ማግኘት የኮድ ችሎታ ብቻ አይበቃውም፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ኢኤስፒ8266 የተባለው ቺፕ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ከፍላሽ በቀጥታ ሲነበብ አራት አራት ባይት እንጂ አንዲት ባይት ነጥሎ አይሰጥም። ሌላ ቦታ ያለ እንከን የሚሠራ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ እዚህ ሊወድቅ ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ የጠበበው የቢቢሲው ማይክሮቢት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለብሪታንያ ተማሪዎች የታደለው ሰሌዳ ራሙ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ቺፑ ብሉቱዝ ይችላል፤ የብሉቱዙ ሶፍትዌር ግን ብቻውን 12 ኪሎባይት ይፈልጋል። ፓይተንና ብሉቱዝ አብረው ስላልገቡ ብሉቱዙ ቀረ። በምትኩ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ አጫጭር መልእክት የሚለዋወጡበት ቀላል ሬዲዮ ገባ፤ ካልተቀየረ በቀር አንዱ መልእክት ቢበዛ 32 ባይት ነው። ለክፍል ውስጥ ጨዋታ ይህ በቂ ነበር፤ ከስልክ ጋር መገናኘት የፈለገ ተማሪ ግን ፓይተንን ትቶ ወደ ሌላ ቋንቋ መሄድ ነበረበት።