ቡና ያለ ወሬ

ጥያቄውን ያነሣችው ሥልጠና ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንታት የሆናት ወጣት ናት። ቦታው አዲስ አበባ፣ ከቡና ላኪዎች የቅምሻ ክፍሎች አንዱ። «ጋሼ፣ ቡና ፊት ዝም ማለት ግን ከየት የመጣ ሕግ ነው? እኛ ቤት ቡና ቀርቦለት ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል።» ጓደኞቿ ሳቁ። ዋናው ቀማሽ ማንኪያቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አለቅልቀው «መጀመሪያ ቅጽሽን ሙዪ» ብቻ አሏት።

ቅጹ ከተሞላ በኋላ የመጣው መልስ እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም። ቀማሹ በሙያ ጓደኞቻቸው ዘንድ የሚታወቁትም በዚሁ ነው። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ይበቃል አይበቃም፣ አቆላሉ ይቅላ ወይስ ይጥቆር በሚለው ክርክር ብዙም አይገቡም። ጠረጴዛው ዙሪያ «እህም» ያለ ሰው ካለ ግን ማንኪያቸውን አስቀምጠው ጥፋተኛውን ይፈልጋሉ። ለእሳቸው ቅንድብ ማንሣትም ወሬ ነው። «ሰው በጆሮው ነው የሚያሸተው» ይላሉ። ይህችን አባባል ሳይሰማ ከእጃቸው የወጣ ሠልጣኝ የለም።

ክርክራቸው የሚነሣው ከምላስ ድህነት ነው። ምላስ ጣፋጭን፣ ጎምዛዛን፣ ጨዋማን፣ መራራን፣ በአምስተኛ ደረጃ ደግሞ ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም መረቅ አውጥቶ ኡማሚ ያለውን ጣዕም ይለያል። ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከይርጋጨፌ ቡና የሚገኘው የአበባ ቃና፣ ከሐረሩ የሚመጣው የበሰለ ፍሬ፣ ከጉጂው የሚወጣው የሎሚ ልጣጭ ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። ይህን ለማሳየት ቀማሹ አዲስ ሠልጣኝን አፍንጫውን አስይዘው ቀረፋ የተቀላቀለበት ስኳር ያቀምሱታል። ሠልጣኙ የሚያገኘው ስኳር ብቻ ነው። አፍንጫውን ሲለቅ ቀረፋው ከየት መጣ ሳይባል አፉን ይሞላዋል።

የሆነው ምንድን ነው? ሽታ ወደ አፍንጫ የሚገባበት በር ሁለት ነው። አንዱ ፊት ለፊት በምንስበው አየር፣ ሌላው በአፍ ጀርባ፣ በጉሮሮ በኩል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሮዚን እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳመለከተው፣ በኋላው በር የገባውን ሽታ አንጎላችን የአፍ ጣዕም አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀማሾች ከማንኪያው ላይ ቡናውን በፉጨት የሚስቡትም ለዚህ ነው። ፈሳሹ ተበትኖ ሽታው በኋላው በር ሽቅብ ይወጣል። እናቶች «ሲጠጡ ድምፅ አይሰማ» ብለው ያሳደጓቸው ልጆች ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈጅባቸዋል።

አፍንጫው ታዲያ ሀብታም ነው። ሊንዳ በክ እና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ባደረጉት፣ በ2004 ደግሞ የኖቤል ሽልማት ባስገኘላቸው ሥራ የሽታ ተቀባዮችን የሚሠሩ ዘረ መሎችን አገኙ። በሰው ላይ የሚሠሩት የተቀባይ ዓይነቶች ወደ 400 ይጠጋሉ። ከተቆላ ቡና የሚተኑት ውህዶችም ከ800 በላይ ናቸው። ቀማሹ እዚህ ላይ ቆም ይሉና «ሀብታም ነው፣ ግን የሰው ወሬ ይሰማል» ይላሉ።

የሚወዱት ማስረጃ እ.ኤ.አ. የ1899 ነው። በአሜሪካ የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ኤድዊን ስሎሰን ለታዳሚዎቹ፣ አንድ ሽታ በአዳራሹ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚዛመት ማየት እፈልጋለሁ አላቸው። ከጠርሙስ ያወጣውን ፈሳሽ ጥጥ ላይ አፈሰሰ፣ ራሱን ዘወር አደረገ፣ የሸተተው እጁን እንዲያነሣ ጠየቀ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ከፊት ረድፍ አብዛኞቹ እጃቸውን አነሡ። ከዚያ እጆቹ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ሄዱ። በመጨረሻ ሦስት አራተኛው ሸተተኝ አለ። ከፊት የተቀመጡት አንዳንዶቹ ሽታው አስጠልቷቸው ሊወጡ ሲሉ መምህሩ ሙከራውን በደቂቃ ውስጥ አቆመ። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው የተጣራ ውኃ ነው።

ከዚያ ወዲያ የተሠራው ሁሉ ለእሳቸው የዚሁ ማብራሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በፈረንሳይ ቦርዶ የወይን ጠጅ ሙያ የሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ የሌለው ቀይ ቀለም የተጨመረበት ነጭ ወይን ቀርቦላቸው፣ ለቀይ ወይን በሚነገሩ ቃላት ገለጹት። በዚያው ዓመት ተመራማሪዋ ሬቸል ኸርዝ እና ባልደረባዋ አንዱን ሽታ በአንድ ጊዜ «የፓርሜዛን አይብ»፣ በሌላ ጊዜ «ትውከት» ብለው አቀረቡ። በስሙ ልክ ሰዎች ወደዱት፣ በስሙ ልክ ተጸየፉት።

የትምህርት ቤቱ የምላስ ካርታ ሳይቀር በዚሁ ዶሴያቸው ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ሃኒግ እ.ኤ.አ. በ1901 ያገኘው በምላስ ክፍሎች መካከል ያለ ጥቂት የስሜት ልዩነት ነበር። ኤድዊን ቦሪንግ በ1942 መጽሐፉ ላይ ሲያሳየው ልዩነቱ ገዝፎ የሚነበብ ሆነና፣ ጣፋጩ በጫፍ፣ መራራው በሥር የሚል ሥዕል ዓለምን ዞረ። ቨርጂኒያ ኮሊንግስ በ1974 እንደገና ስትፈትሸው ልዩነቱ ኢምንት ሆነ። ቀማሹን የሚያስደንቃቸው የሥዕሉ ስሕተት አይደለም። ያንን ሥዕል የተማረ ሰው ሁሉ ስኳር ምላሱ ጫፍ ላይ ሲያደርግ «አዎ፣ እዚህ ጋ ነው» ማለቱ ነው። ስኳር መሐል ምላሱ ላይ አድርጎ የሞከረ ተማሪ ስንቱ ነው?

በእሳቸው ጠረጴዛም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ሠልጣኞቹ እየሰሙ፣ ለጎናቸው ሰው እንደሚነግሩ ሆነው «የዛሬው ይርጋጨፌ ነው» ይላሉ። ናሙናው ጅማ ነው። ቅጾቹ ሲሰበሰቡ ጃስሚን ይበዛባቸዋል። ወጣቷ ራሷ አንድ ጊዜ የሐረር ቡና ቀምሳ «ብሉቤሪ» ብላ ጽፋ ነበር። «የት በልተሽው ታውቂያለሽ?» አሏት። በልታው አታውቅም። ከእሷ ቀደም ብለው የቀመሱት ሲባባሉ ሰምታ ነው። ቀማሹ ቅጹን መለሱላትና ራሷ በምታውቀው ነገር እንድትጽፈው ጠየቋት። ሁለተኛ ስትቀምሰው «የእንጆሪ ማርማላታ፣ ትንሽ ጠጅ ጠጅ የሚል» ብላ ጻፈች። ለዚያ መልስ የሰጧት ምስጋና ከእሳቸው የሚገኘው ትልቁ ነው። «ይሄ ያንቺ ነው» አሏት።

ሌላ ላኪ ዘንድ የሚሠሩ አንድ የሙያ ጓደኛቸው በዚህ አይስማሙም። እሳቸው የሚያስተምሩት እያወሩ ነው። ሠልጣኝ ስም ያልተሰጠውን ሽታ አያገኘውም፣ ስለዚህ ሲኒው ፊቱ እያለ «ይኸው፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አገኘኸው?» መባል አለበት ይላሉ። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። አብዛኛው ሰው ዓይኑን ተከድኖ የገዛ ማዕድ ቤቱን ቅመሞች ቢያሸት ግማሾቹን በስም መጥራት ያቅተዋል። የአሜሪካ ስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው፣ በ2016 እንደገና የተሠራው የቃና ክብ ሥዕልም የተዘጋጀው ቀማሾች የጋራ መግባቢያ እንዲኖራቸው ነው። ቀማሹ ይህን ይቀበላሉ፣ ጊዜውን ግን አይቀበሉም። በእሳቸው ሥርዓት ብዕር ይቀድማል፣ ቃል ይከተላል። ሁሉም ነጥቡን ከጻፈ፣ ቡናውም ከትኩስ እስከ ለብታ፣ ከለብታ እስከ ቅዝቃዜ ከተቀመሰ በኋላ የፈለገው ያውራ። ከዚያ በፊት ያወራ ሰው ለጎረቤቱ አፍንጫ አውሶታል። ሁለቱ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ይህንኑ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዳቸውም አልተረቱም።

ኤሌክትሮኒክ አፍንጫ የሚባለውን መሣሪያ የሚያነሣባቸው ሰውም አይጠፋም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ፐርሶድ እና ዶድ በእንግሊዝ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ብዙ ቀማሾች መሣሪያውን ሲሰሙ ይቆጣሉ። እሳቸው ግን ይቀኑበታል። «ጆሮ የለውም» ይላሉ። ደግሞ ወዲያው ቡናው ያስደስት እንደሆነ ሊነግር እንደማይችል ይጨምራሉ።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለምን? ምክንያቱም ነጥብ ገንዘብ ነው። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የደረጃ አወጣጥ ለጥሬው ፍሬ 40፣ ለሲኒው 60 ከመቶ ይሰጣል። የሲኒው ነጥብ ደግሞ ለንጽሕና፣ ለጎምዛዛነት፣ ለውፍረትና ለቃና እኩል 15 እየሆነ ይከፈላል። ናሙና በኮድ የሚቀርበውም የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ገቡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ንጉሤ ገመዳ ቡና 91.04 ነጥብ አግኝቶ በጨረታ አንዱ ፓውንድ በ185.10 ዶላር ተሸጠ። ቀማሹ ይህን ለሠልጣኞች የሚነግሩት ለማስደነቅ አይደለም። አንድ «እህም» ሁለት ነጥብ ካነሣ ወይም ከጣለ፣ የቀነሰው ከማን ኪስ ነው? ቡናውን የለቀመ፣ አልጋ ላይ ያሰጣ፣ ዝናብ ሲመጣ እየሮጠ የሸፈነ ገበሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም።

አቋማቸውን የሚያላላ ነገር ያዩት አንድ ጊዜ ነው። ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን አብራቸው የቀመሰች ባልደረባ በኮቪድ ታመመች። ሽታ ጠፋባት። ሲመለስላት ተጣሞ ተመለሰ። ቡና በተለይ የተቃጠለና የበሰበሰ ነገር ሆነባት፣ ከቅምሻው ክፍል በር ላይ ቆማ መግባት ያቅታት ነበር። በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲዋ ጄን ፓርከር እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳዩት፣ እንዲህ ያለው መጣመም ያለባቸውን ብዙ ሰዎች የሚያስጠላቸው በቡና ውስጥ የሚገኝ ፉራንሜታንታዮል የተባለ የሰልፈር ውህድ ነው። ውህዱ እጅግ ኢምንት በሆነ መጠን ይሸታል፣ ጤነኛ አፍንጫ ቡና ቡና የሚለውም በአብዛኛው እሱን ነው። ሙያዋን የሰጣት ያው ሽታ ነው ያባረራት።

ቀማሹ ያን ጊዜ ሕጋቸውን ጣሱ። አጠገቧ ተቀምጠው፣ ሲኒው በእጇ እያለ፣ ጮክ ብለው አወሩላት። ይርጋጨፌ ነው፣ የታጠበ ነው፣ አበባው መጣ፣ አሁን ሎሚው ይከተላል። በቃል ስንቱ ሲታለል አይተዋልና እሷም ብትታለልላቸው ተመኙ። አልሆነም። የስሎሰን ታዳሚዎች ከውኃ ሽታ አወጡ፣ እሷ ግን ከጥሩ ቡና አንዲት አበባ ልታወጣ አልቻለችም። የሽታ ነርቮች በዕድሜ ልክ የሚታደሱ ናቸውና ሁኔታዋ ቀስ በቀስ ተሻሽሏል። ሥራዋ ግን ወደ ጥሬው ፍሬ ዞሯል። ዛሬ የፍሬውን ጉድለት በዓይኗ የምትለቅመው እሷ ናት፣ ከ40ው ነጥብ ጋር። ቀማሹ ስለ እሷ ሲያወሩ ስለ ጆሮና ስለ አፍንጫ ያላቸውን አባባል አይጠቅሱም።

ሙያው ከቤታቸው ጋር ያጣላቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። በእርግጥ ባለቤታቸው ቡናውን የሚቆሉት ላቦራቶሪው ከሚፈቅደው በጣም አጥቁረው ነው። ዕጣኑ የሚጨሰው ከአቦል በፊት ነው። ፈንዲሻው፣ ቄጠማው፣ የጎረቤቱ ሽቶ፣ አንዳንዴም ጤና አዳሙ በአንድ ላይ ይመጣሉ። የቅምሻ ክፍል ቢሆን እንግዶቹ ሁሉ ከበር ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ከጓዳ ያንኑ ፍሬ በኪሳቸው ይዘው ሄደው በኮድ አስቀመሱት። ዝቅ ያለ ነጥብ ተሰጠው፣ ራሳቸውም ዝቅ አድርገው ሰጡት። በዚያው ማታ ከጀበናው ሲጠጡት ከሳምንቱ ቡና ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አገኙት። ይህን ሲያወሩ አያፍሩም። ጠረጴዛው ላይ የሚዋጉት ወሬ ቤት ውስጥ ቡናውን እንደሚያጣፍጠው ያውቃሉ። ሰባት ሰው የሚጫወትበትን ቡና ብቻውን መቅመስ ለምን እንደሚያስፈልግም አይታያቸውም።

ጎረቤቶች ሙያቸውን ስለሚያውቁ ደረጃ እንዲሰጡ ይጎተጉቷቸዋል፣ እሳቸው በጭራሽ አይሰጡም። በቅርቡ አንድ ጎረቤት አቦሉን ገና እንደቀመሱ «ይሄ ሐረር ነው፣ ሽታው ብቻ ይናገራል» ብለው ፈረዱ። ሌላዋ ሐረር ለመሆኑ ምልክቱን ጨመሩ፣ ሦስተኛው የሐረር ቡና ትዝታ አመጡ፣ ቤቱ ሁሉ በሐረር ተስማማ። ቀማሹ ፍሬው የጅማ መሆኑን ያውቃሉ፣ የገዙት ራሳቸው ናቸው። ሲኒያቸውን ለቶናው ዘርግተው «ሐረር እኮ ሲደገም ነው» አሉ።