ትራንስፈሩ ከመውረዱ በፊት

«ጋሼ፣ ትራንስፈሩ ተቀይሮም የፊት ጎማው አይስብም። መልሰን እናውርደው?» አለኝ ሙያውን ገና የጀመረ ልጅ። መኪናው ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ የሚመላለስ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው፤ ትራንስፈሩ የተቀየረው ሌላ ጋራዥ ነው። በደረቅ መንገድ ደህና ይሄዳል፤ አሸዋ ላይ ሲደርስ ግን የኋላ ጎማው ብቻውን ይቆፍራል። ልጁ ቁልፍ ይዞ ከስር ሊገባ ነው። እኔ ያመጣልኝ ዘንድ የጠየቅሁት ጠመኔ ነው።

በዚህ ጉዳይ የማልለቀው አቋም አለኝ። ዕቃ ተቀይሮ ያው ሕመም ከቀጠለ፣ አዲሱን ከመጠርጠር በፊት አሮጌው በምን ማስረጃ እንደተፈረደበት መጠየቅ አለበት። ዕቃ ተቀይሮ ሌላ ሕመም ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የሚፈለገው እጅ በነካው ቦታ ነው። የስዊቹ ሽቦ ተመልሶ ተሰክቷል? የማስገቢያው ዘንግ እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይስ ግማሽ መንገድ ይቀራል? የኪሎሜትር መቁጠሪያው ገመድ የሚገባበት ጥርስ የዚያው መኪና ነው? እነዚህን ሳያዩ ያን የሚያህል ብረት ደረት ላይ አሳርፎ ማውረድ ጉልበት ማባከን ነው። የዚህ ዓይነቱ ላንድክሩዘር ትራንስፈር ጥርስ ከጥርስ የሚሠራ ጠንካራ ብረት ነው፤ ዘይት ካልጎደለበት በቀላሉ አይሞትም።

ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋ የፎር ዊል መብራት ብዙ ሰው ታሳስታለች። እሷ የምትናገረው ትራንስፈሩ ውስጥ ያለው ማርሽ መግባቱን ብቻ ነው። የፊት ጎማ መያዝ አለመያዙን አታውቅም።

ጠመኔው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሬት ላይ የሚቀሩት ሦስቱ ጎማዎች በታኮ ይያዛሉ፣ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሳል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። ካምቢዮው ከማርሽ ይወጣል፣ ትራንስፈሩ ፎር ዊል ይገባል፣ የፊት ጎማዎቹ መቆለፊያ ግን «ፍሪ» ላይ ይቆያል። ከትራንስፈሩ ወደፊትና ወደኋላ በሚሄዱት ዘንጎች ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ የተነሳውን ጎማ በእጅ ማዞር ነው። ሁለቱ ምልክቶች እኩል ከዞሩ ትራንስፈሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በቃ፣ እሱ ነጻ ወጣ። ቀጥሎ የፊት መቆለፊያዎቹን «ሎክ» ላይ አድርጎ ያንኑ ጎማ ለማዞር መሞከር። አሁን ጎማው እምቢ ማለት አለበት፤ የፊት ዘንጉን መሬት የረገጡት የፊት ጎማዎች ይዘውታልና። እሺ ብሎ ከዞረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሁለቱ መቆለፊያዎች አንዱ አለመያዙ ነው።

የልጁ መኪና ጎማ እሺ ብሎ ዞረ። የቀኙን መቆለፊያ ስንፈታው ግራሶው ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ደርቋል፤ ከላይ «ሎክ» ቢልም ውስጡ ያለው ጥርስ አልተንቀሳቀሰም። ዲፈረንሻል ጉልበቱን የሚልከው ወደ ቀለለው በኩል ስለሆነ፣ በአንድ የላላ መቆለፊያ ምክንያት የግራውም ጎማ መሳብ አልቻለም። ትራንስፈሩ ከመጀመሪያውም መውረድ አልነበረበትም።

በዚህ የሚከራከረኝ የሙያ ጓደኛ አለኝ። ጥሩ መካኒክ ነው፣ የተማረው በከተማ ነው። ዘዴው መቀያየር ነው፤ ደህና መሆኑ የታወቀ ዕቃ አስገባና ችግሩ ከጠፋ አገኘኸው ይላል። አዲስ አበባ ሆኖ ከሶማሌ ተራ በአንድ ጥሪ ዕቃ ለሚመጣለት ሰው ያስኬድ ይሆናል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ትራንስፈር በአውቶቡስ ወይም በጭነት መኪና ተጭኖ ነው፤ እሱም ከሌላ መኪና የተፈታ ነው። ደህና መሆኑን ማን መሰከረ? አንዱን የማይታወቅ አውጥቶ ሌላ የማይታወቅ ማስገባትን ምርመራ ብሎ መጥራት አይዋጥልኝም። ትራንስፈራቸው በኤሌክትሪክ የሚገባ አዳዲስ ፒክአፖች ላይ ኮምፒውተሩን መሰካቱ ተገቢ ነው፤ እነዚህ አሮጌ ሃርድቶፖች ግን የሚሰካበትም የላቸውም።

መቀያየር ከዚህ የባሰ ጥፋት ሊደብቅም ይችላል። አንድ መኪና ትራንስፈር እየበላ ሲያስቸግር አይቻለሁ፤ ይቀየራል፣ ትንሽ ይቆያል፣ መጮህ ይጀምራል። ማስገቢያው ከፎር ዊል አልወጣ ይላል፤ ወደኋላ ትንሽ ሲነዳ ዘንጎቹ ስለሚላሉ ያኔ ይወጣል። የፊት ዲፈረንሻሉ ከተፈታ መኪና የመጣ ነበር። አንዱን የፊት ጎማ አንስተን፣ ሌላውን መሬት ላይ ትተን፣ የተነሳውን ሃያ ጊዜ አዞርን፤ ዘንጉ 39 ጊዜ ዞረ። ከኋላ እንዲሁ ስናደርግ 41 ሆነ። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻውን ሃያ ሲዞር ሁለቱ አብረው አሥር እንደዞሩ ስለሚቆጠር፣ የፊቱ 3.9፣ የኋላው 4.1 ነው ማለት ነው። ፎር ዊል ሲገባ ሁለቱ ዘንጎች እኩል ለመዞር ይገደዳሉ፤ ልዩነቱ በየመቶ ሜትሩ አምስት ሜትር ገደማ ነውና አንደኛው ጎማ መንሸራተት አለበት። አሸዋና ጭቃ ይህን ይሸከማል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጭንቀቱ ሁሉ ትራንስፈሩ ላይ ያርፋል። አዲስ ጎማ ፊት፣ ያለቀ ጎማ ኋላ የሚያስሩ ሰዎችም በመጠኑ ይህንኑ እያደረጉ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ካምቢዮና ትራንስፈሩ መሃል ያለው ፓራዮሊዮ ካረጀ ዘይት ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ ይሰደዳል። ከውጭ ጠብታ አይታይም። ትራንስፈሩ ሞልቶ ካምቢዮው ይደርቃል፤ ሾፌሩ ጩኸት ሲሰማ ያው ትራንስፈር ይወቀሳል። ከተቀየረ ከጥቂት ቀን በኋላ የሁለቱንም መሙያ ቡሎን ፈትቶ በጣት ደረጃውን ማየት ግዴታ ነው።

ሞተር አጥፍቶ በእጅ ማዞርን ያስተማረኝ አሁን በሕይወት የሌለ አንድ አረጋዊ ሾፌር ነው። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በዋግና በላስታ መንገዶች እህል ያመላለሰ ሰው ነበር። ኽምጣናና አማርኛ እያደባለቀ ያወራል፤ ብረት ላይ ግን ቃል አያበዛም። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ያወዛውዘዋል፣ ክሮቸራው ይሁን ኩሽኔታው ይለያል። እኔ ያኔ ሥራውን የመረጥኩት ለእንጀራ ነበር። ከእሱ ጋር ስውል ግን የማይታየውን ነገር በትዕግሥት ማወቅ እንደሚቻል አየሁ፤ ይህ ነገር ከመኪናው ውጭ ባለው ኑሮዬም ገባ። በቤቴ አለመግባባት ሲነሳ እንኳ ጥፋተኛ ከመሰየሜ በፊት ምን እንደተነካ መጠየቅ ለመድኩ።

መኪኖቹ የሚሄዱበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ዝቋላና ወደ ተከዜ ቆላ ሲወረድ ወንዝ የሚያቋርጥ፣ ድንጋይ የሚያንከባልል አገር ነው። በእነዚህ ሃርድቶፖች ክትባት በበረዶ ሣጥን ይሄዳል፣ ምጥ የያዛት እናት ትመጣለች። በ2008ቱ ድርቅ የተረጂው ብዛት ሲጨምር ውሃና እህል ይዘው ሲወርዱ ያየኋቸው እነሱን ነው። ሾፌሩ አሸዋው ውስጥ ሲገባ ማስገቢያውን ይስባል፣ መብራቷ ትበራለች፣ የቀረውን ከእኔ እጅ እንደተቀበለ ያምናል።

ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ የማውቃቸውን ሾፌሮች እየደወልኩ እጠራለሁ። አንድ ጎማ አንስቼ፣ ፎር ዊል አስገብቼ፣ ራሳቸው እንዲያዞሩት አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ በ«ፍሪ»፣ ቀጥሎ በ«ሎክ»። ለዚህ ገንዘብ አልቀበልም። ጓደኛዬ ገበያህን እየዘጋህ ነው ይለኛል። ዘንድሮ ልጁ እንዲያሳያቸው ፈቅጃለሁ፤ ጠመኔውም እሱ ዘንድ ነው።