ዘሩ የማን ነው? ስለ አእምሯዊ ንብረት መብት ተገቢነት የቀረበ ሒስ

ሰው በእጁ የሠራው የእርሱ ነው ከተባለ፥ በአሳቡ ያፈለቀውስ የማን ነው? በዚህ ጥያቄ የአውሮፓ ፈላስፎችና የሕግ ዐዋቂዎች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። ወደ አገራችን ግን ክርክሩ የመጣው በመጻሕፍት ብቻ አይደለም፤ በጤፍ፥ በቡናና በማሽላም በኩል ነው። ስለዚህ የውጭውን ሐተታ ከመገልበጥ ይልቅ፥ ነገሩን በድሬዳዋ ገጠር ከዋሂል ማሳ አንጻር ልመረምረው እወዳለሁ።

የዋሂል ገበሬ ዋና እህሉ ማሽላ ነው። በሐረርጌ ምድር ማሽላ ሙይራ፥ ፈንዲሻ፥ ወገሬ እየተባለ በየስሙ ይለያል። ከስሞቹ በስተኋላ ምርጫ አለ፤ ድርቅ የሚችለውን፥ እንጀራው የሚጥመውን፥ አገዳው ለከብት የሚሆነውን ለይቶ ዛላውን ለዘር የሚያስቀር ዐይን አለ። ይህ የአእምሮ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፥ የሰብል ማሻሻል ትምህርት በምን ላይ እንደ ቆመ አላጤነም ማለት ነው። ሆኖም ዘሩ በአንድ ቤት ተዘግቶ አይቀርም። ዝናም ዘግይቶ የተዘራው ሲጠፋ፥ ያለው ለሌለው በስጦታ፥ በልውጥ ወይም በብድር ይሰጣል።

እንግሊዛዊው ጆን ሎክ፥ ሰው ድካሙን ከተፈጥሮ ጋር ባዋሐደ ጊዜ ነገሩ የእርሱ ይሆናል ሲል፥ ለሌሎችም በቂና መልካም እስከ ተረፈ ድረስ የሚል ገደብ አኑሮበት ነበር። የፓተንት ደጋፊዎች ፊተኛውን ቃል አጥብቀው ይይዛሉ፤ ገደቡን ግን ቶሎ ያልፉታል። ደግሞስ መብት ከድካም የሚወለድ ከሆነ፥ ከብዙ ትውልድ ደካሞች መካከል ወረቀቱን የሚያገኘው የመጨረሻው ብቻ ስለ ምን ይሆናል? ሁለተኛው ማስረጃቸው፥ ጥበቃ ከሌለ ማንም አይደክምም የሚለው ነው። ለመድኀኒት ፋብሪካ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በዚያ አልከራከርም። ለማሽላ ግን ፓተንት የሚባል ነገር ሳይታሰብ እነዚያ ሁሉ ዐይነቶች ተመርጠው ተገኝተዋል።

የጤፍ ነገር ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። እ. ኤ. አ. በ2005 የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወትና የግብርና ምርምር ተቋማት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን ስለ መጠቀምና ጥቅሙን ስለ መካፈል ውል ተዋዋሉ። በ2007 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓን ፓተንት አገኘ። የፓተንቱ ፍሬ ነገር፥ እህሉ ከታጨደ በኋላ ከርሞ ሲፈጭ ዱቄቱ ለመጋገር ይሻላል የሚል ነው። እህል ማክረምን ከጥንት የሚያውቅ ባለ ጎተራ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አንባቢ ይገምት። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ውሉም ፍሬ ሳያፈራ ቀረ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ኖረ። በመጨረሻ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ በኩል ያለውን ፓተንት ዋጋ ቢስ አደረገው። ምክንያቱ ልብ ሊባል ይገባል፤ ፓተንቱ የወደቀው ጤፍ የኢትዮጵያውያን ርስት ነው ተብሎ ሳይሆን፥ በሥራው ውስጥ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለም ተብሎ ነው። ክርክሩም የሁለት የሆላንድ ነጋዴዎች ነበር፤ እኛ በችሎቱ አልነበርንም።

የእኛ ሕግ የተከተለው መንገድ ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የዕፀዋትንና የእንስሳትን ዘረ መል ባለቤትነት ለመንግሥትና ለሕዝብ፥ የማኅበረሰብ ዕውቀትን ባለቤትነት ደግሞ ለየማኅበረሰቡ ሰጥቷል። ገበሬዎች በልማዳቸው ዘር መለዋወጣቸውንም አይነካም፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን አዋጁ ማኅበረሰብን የሚተረጕመው ተለይቶ በታወቀ አገር የሚኖር ሕዝብ ብሎ ነው። ዋሂልን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። ኦሮሞና ሱማሌ በሚጐራበቱበት፥ ዘር ከደጋ ወደ ቈላ፥ ከገበያ ወደ ቤት፥ ከአማች ወደ አማች በሚሄድበት አገር፥ የአንዱ ማሽላ ባለቤት የትኛው ቀበሌ ይባላል? ድርሻ የሚከፈል ቢሆን፥ ትናንት ዘር የተበዳደሩ ጎረቤቶች ዛሬ ድንበር ሊቈጥሩ ነው። የአዋጁ ዐላማ ድርሻ ማካፈል ሳለ፥ ቋንቋውን የተዋሰው ከማገድ ሕግ ነው፤ ጕድለቱ ከዚህ ይመስለኛል።

በአገራችን ልማድ የአእምሮ ሥራ መብት ፈጽሞ አይታወቅም ማለት ግን ስሕተት ነው። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ቅኔው መልካም ከሆነ ከነባለቤቱ ስም ይጠቀሳል፥ ለተማሪም ይነገራል፤ ባለቅኔው ግን አትንገሩ ብሎ አይከለክልም። ስም የተጠበቀ ነው፤ መስማት ነጻ ነው። እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤትም የባለ ምድጃውን እሳት አያጎድልም። እ. ኤ. አ. በ2005 መንግሥት የሐረርን፥ የሲዳሞንና የይርጋ ጨፌን ቡና ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ፥ ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀም፤ ስሙን ጠበቀ እንጂ ቡናውን ማንም እንዳይተክል አላገደም። ስለዚህም ከፓተንቱ ይልቅ የንግድ ምልክቱን ለመደገፍ ይቀለኛል።

የጤፉ ፍርድ ለእኛ ለጥናት ሰዎች የሚተወው ከባድ ጥያቄ ነው። ሌላው ሰው ፈጠርሁ ሲል የሚረታው ነገሩ ቀድሞ የታወቀ መሆኑ በጽሑፍ ሲገኝ ነውና፥ የገበሬውን ዕውቀት መጻፍ ጋሻ ነው። ነገር ግን የጻፍነውን ኩባንያውም ያነበዋል። እ. ኤ. አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል በወሎ ማሽላ ውስጥ ላይሲን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ማግኘታቸውን ሲገልጡ፥ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት የሁለቱ ስም ገባ፤ የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ብሎ ሰይሞት ነበር። የእኛስ መጽሔት ከዚህ ምን ያህል ይሻላል? ገበሬው በገጾቻችን «መረጃ ሰጪ» ይባላል፥ ደራሲው ግን በሙሉ ስሙ ይታተማል። በዋሂል ማሽላ ላይ ጥናት የሚጽፍ ተማሪ፥ ዘር መራጩ ፈቃዱን ከሰጠ፥ የመራጩን ስም፥ ዘሩን ከማን እንደ ተቀበለና ለማን እንደ ሰጠ በጽሑፉ ራስጌ ቢያሰፍር፥ ከራሱ ስም ቀጥሎ ሳይሆን ከራሱ ስም በፊት ነው።