የበዓል ትዝታና የድግስ ዝርዝር፦ ስለ ገና የልጅነት ጽሑፎቻችን የቀረበ ሂስ

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ ጋዜጦቻችንና መጽሔቶቻችን ለአንድ ዓይነት ጽሑፍ ቦታ ይለቃሉ፤ ሬዲዮኑም ሰዓት ይመድብለታል። ይኸውም የገና የልጅነት ትዝታ ነው። ጸሐፊው ብዙውን ጊዜ በገጠር ወይም በትንሽ ከተማ አድጎ አሁን በትልቅ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። በአንደኛ መደብ ይተርካል፤ ስለ ዳቦው፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ጠላው፣ ስለ አዲሱ ልብስና ስለ ገና ጨዋታው ይነግረናል፤ በመጨረሻም ያ ዘመን የት እንደ ሄደ ጠይቆ ይሰናበተናል። ጽሑፉ ይወደዳል። በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻችን «የበዓል ትዝታችሁን ጻፉ» ስንላቸውም የሚያቀርቡልን ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የጽሑፍ ዓይነት እንደ ድርሰት ተቆጥሮ ሲመዘን አናይም። በዚህ መጣጥፍ የትዝታ ጽሑፉን አሠራር ለመመርመር፣ ለማነጻጸሪያም ትሩማን ካፖቲ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1956 «ኤ ክሪስማስ ሜሞሪ» በሚል ርእስ ያሳተመውን አጭር ልቦለድ ለመጠቀም ይሞከራል።

በቅድሚያ መቼቱን እንመልከት። ገና የሚውለው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። ወቅቱ በጋ ነው። በደጋው አገር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ረፋዱ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አዝመራው ታጭዷል፤ ከፊሉ ተከምሯል፣ ከፊሉም አውድማ ላይ ነው። የገና ጨዋታ ሜዳ የሚያገኘውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ክረምቱንና መጸውን እህል ይዞ የከረመው ማሳ ባዶ ስለሚሆን ሩሯ እንደ ልብ ትመታበታለች። እንግዲህ የጨዋታው ሜዳ የገበሬው ሥራ ውጤት ነው ማለት ይቻላል። ከትዝታ ጽሑፎቻችን መካከል ይህን ግንኙነት የሚያሳዩት ጥቂቶች ናቸው። ሜዳው ከየትም የመጣ ያህል ዝም ብሎ ተዘርግቶ ይቀርባል።

በከተማ ልጆች ትዝታ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይታያል። በጥድ ቅርንጫፍ ላይ የሚበተነው ጥጥ፣ ወፍራም ካፖርት የለበሰው የገና አባት፣ በፖስታ ካርዱ ላይ ያለው ነጭ ጣሪያ ሁሉ የሰሜኑን ዓለም የአየር ጠባይ ይዘው የመጡ ናቸው። ጥጡ በልጅነታችን ቤት ውስጥ እስከ ነበረ ድረስ በጽሑፍ መግባቱ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ጸሐፊው የጥጡን እንግድነት አለማየቱ ነው። ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ያስጠነቅቀናል። «በረዶ» ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ በሐምሌና በነሐሴ ከዝናብ ጋር ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርድ፣ ሰብል የሚያጠፋ ነገር ነው። «ክረምት» የምንለውም የዝናቡን ወራት ነው። ስለዚህ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ታሪክ «በክረምቱ በረዶ መካከል ገና ደረሰ» ሲል፣ ቃላቱ አማርኛ ሆነው ሳለ ዓረፍተ ነገሩ የሚያመለክተው ወቅት በአገሩ የለም። በእንዲህ ዓይነት አማርኛ ያደገ ጸሐፊ የራሱን የታኅሣሥ ፀሐይ ለመግለጽ ሲነሣ ቃል ቢያጥረው አይገርምም።

በረዶ ባለበት አገር የትዝታው አሠራር ምን እንደሚመስል ለማየት የዌልሱን ባለቅኔ የዲላን ቶማስን የታወቀ የገና ትረካ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ትረካ ተራኪው እጁን በረዶው ውስጥ ከቶ ያገኘውን ትዝታ መዝዞ ያወጣል። በረዶው ዓመታቱን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚይዝ ጎተራ ሆኖ ያገለግላል። የትኛው ገና የትኛው እንደ ነበረ መለየት ቢያቅተው ጥፋቱ የበረዶው ነውና አንባቢ አይወቅሰውም። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ በረዶ በሌለበት አገር፣ በፀሐይ ብርሃን ሁሉም ነገር ለየብቻው ቁልጭ ብሎ በሚታይበት ገና፣ ትዝታን አንድ ላይ የሚይዘው ምንድን ነው?

የካፖቲ አጭር ልቦለድ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ይሰጣል። ታሪኩ የሚፈጸመው ደራሲው በልጅነቱ በኖረበት በአላባማ ምድር፣ በአሜሪካ ደቡብ ነው። በታሪኩ ውስጥ የበረዶ ክምር የለም። ማለዳ በሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ በገና ዕለት ደግሞ ነፋስ፣ ወገብ የሚደርስ ሣርና መንደሪን አለ። በዚህ ረገድ ከእኛ ደጋ የታኅሣሥ አየር ብዙም አይርቅም። ገጸ ባሕርያቱ የ7 ዓመት ልጅና ስድሳ ዓመት ያለፋት የሩቅ ዘመዱ ናቸው። ሁለቱም ድሆች ናቸው፤ በቤቱ ውስጥ ሥልጣን ያላቸው ሌሎች ዘመዶች ናቸው። ልጁና አሮጊቷ ግን በየዓመቱ ለገና ፍራፍሬ የገባበት ኬክ ጋግረው ለሰው ይልካሉ። በታሪኩ የተነገረው ዓመት የኬኩ ብዛት 31 ነው። ከተቀባዮቹ መካከል በወቅቱ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሩዝቬልት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በመንደሩ የሚያልፍ ቢላዋ ሳይና የአውቶቡስ ሾፌር ይገኙበታል።

ልብ ሊባል የሚገባው ትረካው ጊዜውን በምን ላይ እንደሚያጠፋ ነው። ኬኩ ሲበላ አናይም። የምናየው ገንዘቡ ሲቆጠር ነው። ሳንቲሞቹ በአልጋ ሥር፣ በተነቀለ የወለል ጣውላ ሥር ተደብቀው ዓመቱን ሙሉ ተጠራቅመዋል፤ ከማርማላታ ሽያጭ፣ ከአበባ ሽያጭ፣ ዝንብ ገድሎ ከሚገኝ ክፍያ ሳይቀር የመጡ ናቸው። አሮጊቷ ስትቆጥር 12 ዶላር ከ73 ሳንቲም ይሆናል፤ ልጁ ሲቆጥር ልክ 13 ይመጣል። 13 ቁጥር ገደቢስ ነው ብላ ስለምታምን አንዲቷን ሳንቲም በመስኮት ትወረውራታለች። ለውዝ መሰል ፍሬውን በአሮጌ የሕፃን ጋሪ ይለቅማሉ። ለኬኩ የሚያስፈልገውን ውስኪ ከሚፈራ ሰው ዘንድ ሄደው ይገዛሉ። በመጨረሻም አንዱ ለሌላው በስውር የሠራው ስጦታ አንድ ዓይነት፣ የወረቀት ካይት ሆኖ ይገኛል። ትዝታውን አንድ ላይ የያዘው እንግዲህ ሥራ ነው። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ አንድ የታወቀ ሰው ነው፤ የምታምነው፣ የምትፈራው፣ የምትስቅበትና የምታለቅስበት ነገር ያላት ሴት ናት። ስለዚህም በመጨረሻ በአንድ የኅዳር ማለዳ መሞቷ ሲነገር አንባቢው የጎደለውን ያውቃል። ተራኪው ስለ ናፍቆቱ ማብራሪያ አይጨምርም፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ሁለት ካይቶች ይፈልጋል፤ በቃ።

ይህ ታሪክ በአማርኛ ቢተረጎም ተርጓሚውን አንድ ፈተና ይገጥመዋል። ልጁ አሮጊቷን የሚጠራት «ወዳጄ» እያለ ነው። በእንግሊዝኛ የመደብ ተውላጠ ስም አክብሮትና ቅርበትን ስለማይለይ ችግር አይፈጥርም። በአማርኛ ግን «አንቺ» ወይስ «እርስዎ» የሚለው መቁረጥ አለበት። «እርስዎ» ቢባል ወዳጅነቱ ይፈርሳል፤ «አንቺ» ቢባል ደግሞ እንደ እናት ወይም አብራ እንዳደገች አያት ትቀርባለች፤ ይህ የሚሻል ይመስለኛል። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ የትዝታ ጽሑፎች ውስጥ ልጁ ለእናቱ ወይም ለአያቱ ምን እያለ እንደ ተናገረ ለማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ምልልስ የለም። እናት ትጠቀሳለች እንጂ አትናገርም።

ወደራሳችን ጽሑፎች እንመለስ። የእኛ የትዝታ ጽሑፍ ዋና ዘዴ ዝርዝር ነው። የዘወትር ዓረፍተ ነገሩ ቢጠቀለል «ዳቦው ተደፍቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ» የሚል ይሆናል። ግሦቹ ሁሉ በተደራጊ ቅርጽ የገቡ ናቸው። ማን ደፋው? ማን ጠመቀው? ሰዋስዉ ራሱ የሠራተኛዋን ስም ውጦታል። ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከላይና ከታች እሳት ነዶለት የሚወጣ፣ ሊጡ ጎሽቶ እንዳይበላሽ በሌሊት መነሣትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጠላው ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ጥንስሱና ድፍድፉ እየተቆጠረ ከበዓሉ ብዙ ቀናት አስቀድሞ የሚጀመር ነው። ልጁ ይህን ሁሉ አይቷል፤ ሽንኩርቱ ሲከተፍ ዓይኑ አብሮ ተቃጥሏል። ጸሐፊው ግን ከማዕዱ ይጀምራል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያስቆጨው አንድ ነገር አለ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። የዶሮው ወጥ የሚሠራው በዋዜማው፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ይህም ማለት የምትጾም ሴት ቁሌቱን አቁላልታ፣ ቅቤውን ጨምራ፣ 12ቱን ብልት ከትታ ጨው መብዛት ማነሱን ሳትቀምስ ትወስናለች ማለት ነው። በሽታው፣ በቀለሙ፣ በእጇ መጠን ብቻ ተማምና የዓመቱን ትልቅ ወጥ ታወጣለች። ይህ ምንኛ የከበደ ትዕይንት ነው! እምነት፣ ሙያ፣ ረኃብና ፍርሃት በአንድ ድስት ዙሪያ ተሰብስበዋል። አንድ ልቦለድ ጸሐፊ ሊመኘው የሚገባ ግጭት ነው። ጽሑፎቻችን ግን «የእናቴ ዶሮ ወጥ ሽታ እስካሁን በአፍንጫዬ አለ» ብለው ያልፉታል። ሽታው ለጸሐፊው ትዝታ ነው፤ ለእናቱ ግን ብቸኛ መመዘኛዋ ነበር። ይህን ልዩነት ያየ ጸሐፊ ሽታውን ዳግመኛ በዝርዝር መካከል አይጥለውም።

የገና ጨዋታውም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ተጋፍተው እንደሚጫወቱ፣ በዚያ ቀን ጌታ እንደማይቆጣ ሁሉም ጸሐፊ ይነግረናል። ጨዋታው ሲያበቃ አሸናፊዎቹ በተሸናፊዎቹ ላይ የሚያወርዱት የስድብ ግጥም መኖሩንም ይጠቅሳል። ነገር ግን በዚያ ቀን ማን ማንን ሰደበ? የተሰደበው ሰው በማግሥቱ ምን ሆነ? በጨዋነት ሰበብ ይህ ይታለፋል። ሥነ ቃሉ ሲነቀል እኩልነቱ ባዶ አባባል ሆኖ ይቀራል፤ የጌታው ቅልጥም በገና ዱላ ሲመታ ልጁ በሰውነቱ የተሰማውን ድንጋጤ ካልነገረን እኩልነቱን አናምነውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። የካፖቲ ትረካ የግለሰብ ትዝታ ነው፤ የእኛ ግን የጋራ ነው፤ «እኛ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ የመንደሩን ሁሉ በዓል መዘርዘሩ ባህሉ ያወረሰው መብቱ ነው ሊባል ይቻላል። ዝርዝርም ቢሆን በቃል ባህላችን ክብር ያለው ዘዴ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን የጋራ የሆነው ሁሉ ስም የለሽ መሆን አለበት ማለት አይደለም። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ መጽሐፍ የሚሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ የአነጋገር ለዛው ሳይላጭ በጽሑፍ ገብቷል። ድምፁ የአንድ ሰው መሆኑ ግን ትዝታውን የግል አላደረገውም፤ የዘመኑንና የሊቃውንቱን ዓለም የምናገኘው በዚያው ድምፅ በኩል ነው። እንዲያውም የጋራው ሕይወት የታመነልን ተናጋሪው ስለታወቀ ነው። ከዚህ የምንረዳው በአማርኛ ለበዓል ትዝታ የሚሆን አርአያ ለመፈለግ ሁልጊዜ ባሕር መሻገር እንደማያስፈልግ ነው።

ጉዳዩ የአጻጻፍ ስልት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን ዳቦው ከዳቦ ቤት ይታዘዛል፤ ዶሮው ተበልቶ ይሸጣል፤ ጠላው በቢራ ሣጥን ይተካል። ይህ በራሱ የሚወቀስ አይደለም፤ ለብዙ ሴቶች እፎይታ ነው። ነገር ግን ሳይቀምሱ ወጥ ያወጡ የነበሩት እናቶች እያለፉ ነው፤ ሥራው ከእጃቸው ሲወጣ ዕውቀቱ የሚቀረው በጽሑፍ ብቻ ነው። የትዝታ ጽሑፎቻችን ማዕዱን አስቀርተው ሠራተኛዋን ከጣሉ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው አንባቢ ገና ምን ይበላበት እንደ ነበር ያውቃል፤ እንዴት ይኖርበት እንደ ነበር ግን አያውቅም።

ስለዚህ ለጸሐፊዎቻችንም ሆነ ለተማሪዎቻችን የሚቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ስለ ገና ስትጽፉ ከማዕዱ አንድ ሌሊት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ግሡን ከተደራጊ ወደ አድራጊ ለውጡ፤ የሠራውን ሰው በስሙ ጥሩ፤ ያለውን በራሱ አነጋገር አስፍሩ። የታኅሣሥን ፀሐይም አትዝለሉ። ውርጩ ረፋድ ላይ ሲለቅ፣ የአውድማው ገለባ ሲያበራ፣ እናት ምድጃ ሥር ካደረችበት ወጥታ በር ላይ ስትሞቅ፣ በረዶ የሌለው ገናችን የራሱ ብርሃን እንዳለው አንባቢ ያያል።