ቴኖፎቪርን ከመሰረዝ በፊት

«የወፍ በሽታ ነው ተብለን ቅጠል አጠጣናቸው፣ ዶክተር» አለች ልጅቱ፣ እናቷን ደግፋ ስታስገባ። የእናትየው ዓይን እርድ መስሏል።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ከሁለት ወር በፊት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያሻገርኳቸው እኔ ነኝ። ከአዲሶቹ ኪኒኖች አንዱ፣ አታዛናቪር፣ ጉበት ሳይጎዳ ዓይን ቢጫ ያደርጋል። «አይዞሽ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው» ልላት ስል፣ ለወጉ ያህል ስለ ሽንታቸው ጠየቅኩ።

«ኮካ ነው የሚመስለው።»

የአታዛናቪር ቢጫነት ሽንት አያጠቁርም። የጉበት ኢንዛይማቸው ውጤት ሲመጣ ከልኩ ብዙ እጥፍ አልፏል። ያኔ ነው ሄፓታይተስ ቢ እንዲታይላቸው ያዘዝኩት፤ በአንዲት የጣት ጠብታ ደም በሩብ ሰዓት ግድም የሚያልቅ ምርመራ። ተገኘባቸው። በዚያ ሁሉ የክትትል ዓመት ካርዳቸው ላይ አንድም ቀን አልተጻፈም። ቅጠሉን ሰበብ ማድረግ እንዴት ይቀል ነበር!

ነገሩ ወደኋላ ይሄዳል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ከተሰለፉት አንዷ ናቸው። ያኔ የተሰጣቸው ስታቩዲን፣ ላሚቩዲንና ኔቪራፒን ነበር። ከሦስቱ ሄፓታይተስ ቢን የሚነካው ላሚቩዲን ብቻ ነው፤ ብቻውን ዓመታት ሲቆይ ደግሞ ቫይረሱ ይለምደዋል። ኋላ ቴኖፎቪር ሲጀመርላቸው ጉበታቸው ማንም ሳያውቅ ጠባቂ አገኘ። የኤች አይ ቪ መጠናቸው አልወርድ ሲል ግን ቴኖፎቪርን ሰርዤ ዚዶቩዲን ጻፍኩ። ለኤች አይ ቪው ትክክል ነበር። ለጉበታቸው ግን በሩን ከፍቶ እንደ መሄድ ነበር።

እኛ የኤች አይ ቪ ክሊኒክ ሰዎች ዓይናችን ቫይራል ሎድ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ጉበት ደግሞ ቶሎ አያማርርም።

ቴኖፎቪርን መለስኩላቸው፤ ዚዶቩዲኑ ሳይነሳ፣ ላሚቩዲኑም እንዳለ። ሳምንታት ፈጀ እንጂ ዓይናቸው ነጣ። ዛሬ ማንም ባልደረባዬ መድኃኒት ሲቀይር «ቢ ታይቷል?» እላለሁ፤ ሲሰለቻቸው አያለሁ፣ ግድ የለኝም።

ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋልና፣ በእናትየው የተገኘ ዕለት ልጅቱን ዕድሜዋን ጠየቅኳት።

«ሃያ ስድስት።»

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እሷ አልደረሰችበትም።

«እኔ ግን ምንም አላመመኝም» አለች፣ ጣቷን እየዘረጋችልኝ።