ሳቁ በማን ላይ ነው?

በአየርላንድ የገጠር ኑሮ ላይ የተደረሱ አስቂኝ ዘፈኖች ሲነሱ ፐርሲ ፍሬንች (እ.ኤ.አ. 1854–1920) ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሰውዬው በሮስኮመን አውራጃ ከባለመሬት ቤተሰብ ተወለደ፤ በደብሊን ምህንድስና ተማረ፤ በካቫን ገጠር የውኃ መውረጃ ቦይ ተቆጣጣሪ ነበር። ታዲያ የባለመሬት ልጅ በድሃው ገጠሬ ሲቀልድ ዝም ብለን እንሳቅ?

አንድ ጓደኛዬ «ይኼ እኮ ቀልድ ነው፤ ምን ያስመረምረዋል?» አለኝ። ይመረመራል እንጂ!

«ፊል ዘ ፍሉተርስ ቦል» የተባለውን እንውሰድ። ዋሽንት ነፊው ፊል ኪሱ ቢራቆት ጎረቤቱን ለጭፈራ ይጠራል፤ ገንዘብ እንዲጥሉለትም ባርኔጣውን በር ላይ ያኖራል። ዜማው ቁጭ አያሰኝም። የድሃው ብልሃትም ደስ ይላል። ግን ፊልን ማን አደኸየው? ዘፈኑ ትንፍሽ አይልም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

የዌስት ክሌር ባቡርን የሚተርበው «አር ዬ ራይት ዜር ማይክል» (1902) ግን ሌላ ነው። ፍሬንች በ1896 ባቡሩ ዘግይቶ የኪልኪ ትርዒቱን ስላበላሸበት ኩባንያውን ከስሶ 10 ፓውንድ ካሳ አግኝቷል። በዘፈኑ የባቡሩ ሠራተኞችም ይተረባሉ፤ ዋናው ዱላ የሚያርፈው ግን በኩባንያው ላይ ነው። ከፍሎ ተሳፍሮ መንገድ ላይ የተጎለተው ገበሬም አብሮ ይስቃል።

በእኔ ግምት ሁለተኛው ይበልጣል። በፊል ጊዜ ደራሲው ከዳር ቆሞ ይመለከታል፤ በባቡሩ ጊዜ ግን እሱም ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነበር።