የሙዚቃ መጽሐፍ በጆሮ ይመረጣል

በደቡብ ካርቱም ያለው አል-ሳሃፋ ሐበሻ በብዛት የኖረበት ሰፈር ነው። እዚያ ያደገ የእኛ ልጅ ጆሮው ሥራ አይፈታም። ቤት ውስጥ የአማርኛ ዘፈን፣ መንገድ ላይ የሱዳን ዘፈን፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የያሬድ ዜማ፣ ሰርግ ላይ ደግሞ የአማርኛውንም የሱዳኑንም በአንድ ሌሊት ይሰማል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ብዙ ቤተሰብ ከተማዋን ጥሎ ወጣ፤ በመተማ በኩል አገሩ የገባ አለ፣ ሌላ ስደት የጀመረም አለ። ልጆቹ ግን ያንን ጆሮ ይዘውት ነው የሄዱት። ወላጅ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ "ለዚህ ልጅ የቱን የሙዚቃ መጽሐፍ ልግዛለት?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የሚጀምረው ከዚያ ጆሮ ነው።

ሱቅ ውስጥ ስንመርጥ ዓይናችን ይቀድማል። ወረቀቱ ወፍራም፣ ሥዕሉ ደማቅ፣ ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ልጅ ካለበት እጃችን ወደ ኪሳችን ይገባል። የሙዚቃ መጽሐፍ ዋጋው የሚታወቀው ግን ሲከደን ነው። ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሳ የሚያዜመው ወይም የሚያጨበጭበው ነገር ካገኘ መጽሐፉ ሠርቷል። ካላገኘ ውድ ወረቀት ገዝተናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው መመዘኛዎች ሁሉ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ድምፁ ይቅደም፣ ምልክቱ ይከተል

በመጀመሪያ ገጽ አንድን እስከ ገጽ አሥር ይግለጡ። አምስት መስመር፣ የሶል ቁልፍ፣ የኖታ ዓይነቶች፣ ሙሉ ኖታ አራት ምት፣ ግማሽ ኖታ ሁለት ምት እያለ የሚዘልቅ መጽሐፍ ብዙ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ አንድ ዜማ ሳያወጣ አሥር ገጽ የስም ዝርዝር ይሸመድዳል። እንዲህ ያለውን መልሰው መደርደሪያው ላይ ያኑሩት።

የዜማ ቤታችን ይህን ስሕተት አልሠራም። ተማሪው ከመሪጌታው አፍ እየተቀበለ ያዜማል፤ ድጓው ላይ ያለው ምልክት የሚጠቅመው ጆሮው የያዘውን ዜማ ለማስታወስ ነው። በትውፊቱ መሠረት የድጓን ምልክቶች በሥርዓት ያዘጋጁት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ቅዱስ ያሬድ የሚታወቀው ደግሞ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ ትውፊቱ ራሱ እንደሚለው ዜማው ድፋትና ቅናት፣ ጭረትና ርክርክ እስኪሣሉለት ድረስ በአፍ ብቻ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ተጉዟል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የልጆችን የሙዚቃ ትምህርት የለወጡት ሰዎችም እዚሁ ላይ ደርሰዋል። የሃንጋሪው ዞልታን ኮዳይ ልጅ አስቀድሞ ይዝፈን፣ ንባቡ ይከተላል አለ። ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ከ1950 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. "ሙዚቃ ለልጆች" የሚለውን ሥራ በአምስት ቅጽ ሲያሳትሙ የመጀመሪያውን ቅጽ በአምስት ድምፅ ብቻ ሠሩት። ኮዳይም በአምስት ድምፅ የተሠሩ የመለማመጃ ዜማዎችን በአራት መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ እርስ በርስ የማይጋጩ ድምፆች ስለሆኑ ልጁ እንዳሻው ቢፈጥርም ጆሮ የሚያቆስል ነገር አይወጣውም። ለሃንጋሪና ለጀርመን ልጅ አምስቱ ድምፆች ወደ ሰባቱ መሸጋገሪያ ናቸው። የእኛ ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይኖርባቸዋል።

የቅኝት ገጽ

መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ አስተምራለሁ የሚል ከሆነ ቀጥታ ወደ ቅኝት ገጽ ይሂዱ። ደራሲው የሚያውቅና የማያውቅ መሆኑ የሚለየው እዚያ ነው። ከዶ ስንነሳ ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ ፍላት። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ ፍላት፣ ላ። ትዝታና ባቲ ማይነር የሚባል መልክም አላቸው።

ሦስት ነገር ይፈትሹ። አንደኛ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተለይተው ተጽፈዋል ወይ? ሁለቱም ከዶ ተነሥተው ሬ ፍላትንና ፋን አብረው ይረግጣሉ፤ የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ድምፆች ነው። ጥንቃቄ የጎደለው መጽሐፍ እዚህ ላይ ያደናግራል። ሁለተኛ፣ ትዝታን "ፋና ሲ የጎደሉት ሜጀር" ብሎ ከሚያስተዋውቅ መጽሐፍ ይጠንቀቁ። የራሱን ቤት በጎደለው ነገር ብቻ እንዲያውቅ የተደረገ ልጅ ቤቱን አይወድም። ሦስተኛ፣ ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ መሆኑን መጽሐፉ ያነሣል ወይ? ክራር መቺው ለወፍራም ድምፅ ዝቅ፣ ለቀጭን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይቃኛል፤ ቋሚ ዶ የለውም። ዶን ከፒያኖው ነጭ ቁልፍ ጋር ብቻ አስሮ የሚያስተምር መጽሐፍ ለክራር ተማሪ እንቅፋት ይሆናል። ዶን ወደፈለጉት ከፍታ እያዘዋወሩ የሚያስዘፍን መጽሐፍ፣ እንደ ኮዳይ መንገድ ያለው ማለቴ ነው፣ ለቅኝታችን ይበልጥ ይስማማል።

አል-ሳሃፋ ላደገ ልጅ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። የሱዳን ዘፈን በብዛት አምስት ድምፅ ያለውና ግማሽ ድምፅ የሌለበት ነው፤ ከትዝታ ጋር ሥጋ ዘመድ ነው። የሱዳን ዘፋኞቹ መሐመድ ዋርዲና ሰይድ ኸሊፋ አዲስ አበባ ላይ እንደ አገር ልጅ የተወደዱት አንድም በዚህ ነው። ስለዚህ ልጁ የትዝታን ዓይነት ድምፅ ከመንገዱም ከቤቱም ሲጠግብ ኖሯል። አንቺ ሆዬንና አምባሰልን ግን የሱዳን ሬዲዮ አልሰጠውም። ሁለቱም ግማሽ ድምፅ አላቸው፣ ለለመደ ጆሮ ይጣፍጣሉ፣ ላልለመደ ይኮመጥጣሉ። ስለዚህ ለትዝታ ሃያ ገጽ፣ ለአንቺ ሆዬ አንድ አንቀጽ የሰጠ መጽሐፍ ለዚህ ልጅ አይሆንም። ለእሱ የሚሻለው ሚዛኑን ገልብጦ ለከበዱት ቅኝቶች ብዙ አጫጭር ዜማ የሚያቀርበው ነው።

ምትና ጭብጨባ

የምዕራባውያን መማሪያዎች ምትን የሚደረድሩት በሂሳብ ቅለት ነው፤ ሁለት አራተኛ፣ አራት አራተኛ፣ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያ ከብዙ ምዕራፍ በኋላ "ውስብስብ" የሚል ስም ተሰጥቶት ስድስት ስምንተኛ ይመጣል። የእኛ ልጅ ሰርግ ቤት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሰማው ችክችካ ግን ይኸው ስድስት ስምንተኛ ነው። ሳይቆጥር ያጨበጭበዋል፣ ትከሻው ያውቀዋል። ማውጫውን ገልጠው ስድስት ስምንተኛ የት እንደተቀመጠ ይመልከቱ። ሰውነት የሚያውቀውን አስቀድሞ አስጨብጭቦ ቆይቶ የሚያስነብብ መጽሐፍ የልጁን ዕውቀት አክብሯል። መጨረሻ ላይ እንደ ብርቅ ነገር የሚያመጣው የተጻፈው ለሌላ ልጅ ነው።

ግጥሙ ከዜማው ጋር ይስማማ

የመዝሙር መጽሐፍ ከሆነ አንዱን መዝሙር ጮክ ብለው ያዚሙት። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ አለው፤ ፊደሉ ግን አይለየውም። ገና ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" ማለታችን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ነው የሚያውቀው። ዜማ ውስጥ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የሚጠብቀው ፊደል ጊዜ ይፈልጋል። የሚጠብቀውን ቃል በአጭር ኖታ አፍኖ የሚላላውን በረጅም ኖታ የሚጎትት መዝሙር ልጁን እንደ ባዕድ ሰው ያናግረዋል። እንዲህ ያለ ጉድለት በብዛት የሚታየው በውጭ ዜማ ላይ የአማርኛ ቃል በተለጠፈባቸው መዝሙሮች ነው። ጎበዝ አዘጋጅ ዜማውን ከንግግሩ ያወጣል፤ የሚያደናግር ቃል ሲያጋጥመው የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ያደርጋል።

በአማርኛ ኖታውም ቃሉም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄዱ ቃሉን ፊደል በፊደል ከኖታው ሥር ማስቀመጥ ይቻላል። ዐረብኛ ተምሮ ያደገ ልጅ ግን ዐረብኛ የመዝሙር ኖታ ቢገጥመው ኖታው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፉ ወደ ግራ ይሄድበታል። እዚያ ቃሉ ተቆራርጦ በየኖታው ሥር መግባት አለበት። ሁለቱንም ቋንቋ የያዘ መጽሐፍ ካገኙ ይህን እንዴት እንደፈታው ይዩ።

የድምፁንም ስፋት አይርሱ። የልጅ ጉሮሮ የጎልማሳ አይደለም፤ ከአንድ ኦክታቭ የሚያልፍ መዝሙር ለትንንሾቹ ጩኸት ይሆናል። አበባየሆሽና ሆያ ሆዬን የመሰሉ የልጆች ዘፈኖች እስከዛሬ የቆዩት አንዱ ስለሚመራ፣ ሌላው ስለሚቀበል፣ ዜማውም ለማንም አፍ ስለሚመች ነው። ለአዲስ መዝሙር ጥሩ መለኪያ ናቸው።

ሥዕሉን ይቁጠሩ

ሥዕል ላይ ብዙ አልቆይም፤ ጅማቱን ቆጥሮ ማለፍ ይበቃል። በገና አሥር፣ ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ ማሲንቆ አንድ። ስምንት ጅማት ያለው በገና ያሣለ አዘጋጅ ባለሙያ አላማከረም። በገናን የሚያስረዳ ጽሑፍ ደግሞ የሚነዝረው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ፣ ከጅማቱ ሥር የምትገባውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራን፣ ካላነሣ የበገናን ነፍስ ዘሎታል።

ለተማሪ የሚሆነው

መሣሪያ የጀመረ ተማሪ መጽሐፍ ሲመዘን ዋናው ነገር ደረጃው ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ አንድ አዲስ ችግር ብቻ ይጨምር። ለዚህ እስከዛሬ አርአያ የሚሆነው የሙዚቃ ደራሲው የቤላ ባርቶክ "ሚክሮኮስሞስ" ነው። ከ1926 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የተሠሩ 153 የፒያኖ ድርሰቶች በስድስት ቅጽ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ዜማ ይጫወታሉ፤ መጨረሻው ቅጽ መድረክ የሚወጣ ሥራ ነው። ባርቶክ ከየመንደሩ የሰበሰበው የገበሬ ዘፈን ውስጡ አለ፣ ግን ለጌጥ አልገባም፤ የሚያስተምረው እሱ ነው። የክራር ወይም የዋሽንት መማሪያ ሲያጋጥምዎት በዚህ ዓይን ይዩት። ሦስተኛው ልምምድ ቀላል፣ አራተኛው የሠርግ ዘፈን ሙሉውን ከሆነ አዘጋጁ የሚችለውን አሳይቷል፣ ማስተማሩን ትቶታል።

ለአስተማሪ የሚሆነው

የአስተማሪ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዕውቀት ይሰጣል። ማይክል ፓውን በ1968 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያንና የዓለማዊ ሙዚቃ ያሳተመው መጽሐፍ መሣሪያዎቹን በሥርዓት ይዘረዝራል፤ የውጭ ተመልካች ሥራ መሆኑን አውቆ ማንበብ ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሩት አሸናፊ ከበደ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጡት የጥቁር ሕዝብ ሙዚቃ ሥር የሚመረምር መጽሐፍ አፍሪካንና ጥቁር አሜሪካን አንድ ላይ ያያል፤ ሱዳንና ኢትዮጵያ መካከል ላደገ ልጅ አስተማሪ ይህ ሰፊ ዓይን ይጠቅማል። ኬይ ሼለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያወጡት የዜማ ስብስብ ደግሞ ከድምፅ ቅጂ ጋር ነው፤ በዓይን ያዩትን በጆሮ ማረጋገጥ ይቻላል። በሱዳን በኩል ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርቱም ውስጥ የሙዚቃና የቴአትር ተቋም ስለነበር፣ ዐረብኛ የሚያነብ አስተማሪ የዚያን ወገን ጽሑፍም መፈለግ አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት የሥራ መምሪያ ነው፤ ፈተናው ከበድ ይላል። ከመካከሉ አንድ ትምህርት መርጠው ያንብቡ። ፒያኖ ከሌለ ትምህርቱ ይሰጣል? መብራት ሲጠፋ፣ የድምፅ ቅጂው ሳይከፈት፣ ምን ይቀራል? የስድስትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጡ ለማን ምን ይሰጣል? ከሁሉም በላይ፣ ልጆቹ ከቅኝት ሲወጡ አስተማሪው ምን እንዲያደርግ ይላል? "በድጋሚ ያለማምዷቸው" ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ ክፍል ገብቶ አያውቅም። ዜማውን ዝቅ አድርጎ መጀመር፣ የሳቱበትን ድምፅ ነጥሎ ማስያዝ፣ ትክክል የያዘውን ልጅ እንዲመራ ማድረግ፤ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ መጽሐፍ ላይ የሠራ ሰው እጅ ይታያል።

ገንዘቡ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ይህን ሁለተኛውን የአስተማሪ መጽሐፍ ይግዙ። የልጆቹ መጽሐፍ አንድ ልጅ ያገለግላል፣ ሲቀደድም ያበቃል። የአስተማሪው ግን አንድ እናት ወይም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ካነበበው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይማርበታል፤ መሣሪያ ስለማይጠይቅ ስደትም አይከብደውም። ከመክፈልዎ በፊት ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ አንዱን ዜማ ከገጹ ላይ ያዚሙት። እርስዎን ያላስዘፈነ መጽሐፍ ልጅዎን አያስዘፍንም።